ሕመም የማይሰማው እጅ፤ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ የዶክተር ፖል ብራንድ አገልግሎት

የሚነበቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች፦ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከቁጥር 40 እስከ 45፤ 1ኛ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ምዕራፍ 12 ከቁጥር 12 እስከ 27።



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ቤተ ክርስቲያንን በሰው አካል ይመስላታል፤ አንዱ ብልት ሲሠቃይ ብልቶች ሁሉ አብረው እንደሚሠቃዩም ያስተምራል። ይህን ቃል ሁላችን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ነገር ግን አንዱ ብልት ሲቈስል የቀረው አካል ምንም ሳይሰማው ቢቀር ያ አካል መጨረሻው ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው እጅና እግር ላይ ሲመረምሩ የኖሩ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። እኚህም በሕንድ አገር በሥጋ ደዌ የታመሙትን ያገለገሉት ሚሲዮናዊ ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። በዚህ ትምህርት አስቀድመን ሕይወታቸውንና ሥራቸውን እንመለከታለን፤ ከዚያም ለማኅበራችን ምን እንደሚያስተምር እንጠይቃለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ልጅነታቸውና የእጅ ሙያቸው

ፖል ብራንድ በ1914 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ ኮሊ በሚባሉት ተራሮች ላይ ተወለዱ። አባታቸው ጄሲ ብራንድና እናታቸው ኤቭሊን ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ። በዚያ ተራራ ሐኪም ስላልነበረ አባትየው በጥቂቱ የተማሩትን ሕክምና ይዘው ጥርስ ይነቅሉ፥ እባጭ ያፈርጡ፥ ቁስልም ያጥቡ ነበር። ፖል ግን በልጅነታቸው ደምና መግል ማየትን እጅግ ይጠሉ ስለ ነበር ሐኪም መሆንን ከቶ አልተመኙም።

አንድ ቀን የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች ርዳታ ፈልገው ወደ ቤታቸው መጡ። አባትየው በእጃቸው ጓንት አጥልቀው አከሙአቸው፤ ልጆቹ ግን ወደ ሰዎቹ እንዳይቀርቡ፥ የተቀመጡበትንም ስፍራ እንዳይረግጡ ተከለከሉ። በዚያን ጊዜ ለበሽታው የሚሆን እውነተኛ መድኃኒት ስላልነበረ ወላጆቻቸው ይህን ማድረጋቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ሆኖም ፍርሃቱ በልጁ ልብ ውስጥ ተቀርጾ ቀረ።

ፖል በ9 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በ1929 ዓ.ም. አባታቸው ከወባ በመጣ ብርቱ ትኩሳት ሞቱ። የሞታቸው ወሬ በቴሌግራም ፈጥኖ ደረሰ፤ አባትየው በሕይወት ሳሉ የጻፉአቸው ደብዳቤዎች ግን በመርከብ ይመጡ ስለ ነበር ከመርዶው በኋላ እየተከታተሉ ደረሱ። እናታቸው ኤቭሊን ያንን ሥራ አልተዉም። በእርጅናቸው ዘመን እንኳ፥ ሌሎች የሚያርፉበት ዕድሜ ሲደርስ፥ ወደ ተራሮቹ ተመልሰው አገለገሉ፤ በ1974 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸውም በዚያው በሕንድ አገር ዐረፉ።

ወጣቱ ፖል እንደ አባታቸው ሚሲዮናዊ ሊሆኑ ፈለጉ፤ ነገር ግን በሐኪምነት ሳይሆን በግንበኝነት። ስለዚህ አምስት ዓመት ያህል አናጢነትንና የግንብ ሥራን ተማሩ። ቀጥለውም ሚሲዮናውያን ጥቂት ሕክምና በሚማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቈዩ። በዚያን ጊዜ አንዲት ሴት ብዙ ደም ፈስሷት፥ የሞተች እስክትመስል ድረስ ደክማ ወደ ሆስፒታል መጣች። ሐኪሞቹ የሌላ ሰው ደም ሲሰጡአት ፊቷ ቀስ በቀስ ቀላ፥ ዐይኗንም ገልጣ ውኃ ለመነች። በልጅነታቸው ይጸየፉት የነበረው ደም ሕይወት ሲሰጥ ፖል በዐይናቸው አዩ። ከዚህ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በሎንዶን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ።

በመጋዝና በመሮ ያለፉት አምስት ዓመታት የባከኑ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን እግዚአብሔር ለአገልጋዩ የሚሰጠው ትምህርት ሁልጊዜ በትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። እንጨትን በእጁ የሚያውቅ ሰው ጅማትንና አጥንትንም በትዕግሥት መያዝን ይማራል፤ ይህም ኋላ በሥራቸው ታይቷል።

2. ወደ ሕንድ መመለሳቸው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሎንዶን በቦምብ ስትደበደብ ፖል ብራንድ በዚያ የቈሰሉትን ሲያክሙ ቀዶ ጥገናን ተማሩ። በ1943 ዓ.ም. አብራቸው ሕክምና የተማረችውን ማርጋሬት ቤሪን አገቡ። በ1946 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ወዳለው ወደ ክርስቲያን የሕክምና ኮሌጅ ተጠሩ። ይህ ትልቅ ሆስፒታል አሜሪካዊቷ ሚሲዮናዊት ዶክተር አይዳ ስከደር በ1900 ዓ.ም. በአንድ አልጋ ብቻ ከጀመረችው የሕክምና ስፍራ ያደገ ነው። ዶክተር ብራንድ የሄዱት ለአጭር ጊዜ ለማገልገል ነበር፤ ሆኖም ሃያ ዓመት ያህል ቈዩ።

ያቈያቸው አንድ ጥያቄ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሐኪም የነበሩትን ዶክተር ሮበርት ኮክሬንን ለመጠየቅ ቺንግልፑት ወደሚባል ስፍራ ሄዱ። በዚያም ጣቶቻቸው እንደ አሞራ ጥፍር የታጠፉ፥ ጣቶቻቸው ያጠሩ፥ እግራቸው የቈሰለ ብዙ ሰዎች አዩ። እጃቸው ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ዶክተር ኮክሬንን ሲጠይቁ፥ ይህን መመለስ የሚገባው የአጥንትና የጅማት ሐኪም እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ እንኳ በሥጋ ደዌ ለታመሙት ራሱን እንዳልሰጠ ነገሩአቸው። ይህ መልስ ለዶክተር ብራንድ እንደ ወቀሳ ሆነባቸው።

በዚያው ጉብኝት ከታመሙት አንዱን እጃቸውን አጥብቆ እንዲጨብጥ ለመኑት። ሰውየውም በታጠፉት ጣቶቹ እጃቸውን በጨበጠ ጊዜ ከኀይሉ የተነሣ አሳመማቸው። ሞቷል የተባለው እጅ አልሞተም ነበር! ጠንካራ ጡንቻዎች በውስጡ ነበሩ። የሕይወታቸው ሥራ ከዚህ አንድ ጭብጨባ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ያደረገውን እናስተውል። በቃሉ ብቻ ሊፈውሰው ሲችል አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ ሰውየውን ዳሰሰው። ዶክተር ብራንድም እንደ ተናገሩት አንድ ጊዜ አንድን ታማሚ ሲመረምሩ እጃቸውን በትከሻው ላይ አኖሩ፤ ሰውየውም አለቀሰ። አሳመሙት እንደ ሆነ ሲጠይቁ፥ ለብዙ ዓመታት የነካው ሰው ስላልነበረ እንዳለቀሰ ተነገራቸው።

3. እጁን የሚያጠፋው ምንድር ነው?

የሥጋ ደዌን የሚያመጣው ረቂቅ ተሐዋሲ እንደ ሆነ በ1873 ዓ.ም. ያገኘው የኖርዌይ ሰው ዶክተር ሐንሰን ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ሰዎች፥ ሐኪሞችም ሳይቀሩ፥ ጣት የሚያልቀው ሥጋው ራሱ ስለሚበሰብስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን እጅ መቅደድና መስፋት ከንቱ ድካም ይመስላቸው ነበር።

ዶክተር ብራንድና ባልንጀሮቻቸው በትዕግሥት ሲመረምሩ በሽታው ነርቭን የሚያጠቃው በተለይ ከቆዳ ሥር ቀርቦ በሚያልፍበትና ከቀረው አካል ቀዝቀዝ በሚልበት ስፍራ፥ ማለት በክርን፥ በእጅ አንጓ፥ በጉልበት፥ በቁርጭምጭሚትና በፊት ላይ እንደ ሆነ አስተዋሉ። ነርቩ ሲጐዳ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፤ በክንድ ላይ ካሉት ግን ብዙዎቹ ጤናማ ሆነው ይቀራሉ። እንግዲህ ከጤናማዎቹ ጡንቻዎች የአንዱን ጅማት ፈትተው፥ በመዳፍ ውስጥ አሳልፈው፥ ከጣቶቹ ጋር ይሰፉት ጀመር። ከዚያም ታካሚው ለሌላ ሥራ የነበረውን ጡንቻ በአዲስ መንገድ ማዘዝን እንደ ሕፃን ይለማመዳል። ብዙ ዓመት ተጨብጦ የነበረ እጅም ተዘርግቶ እንጀራ ለመቍረስና ብርዕ ለመያዝ ቻለ።

ነገር ግን ሌላ ምሥጢር ቀረ። የተፈወሱት እጆች እንደ ገና ይቈስሉ ነበር። አንድ ቀን ዶክተር ብራንድ የዛገ ቁልፍ አልከፍት ብሏቸው ሲታገሉ፥ ከታመሙት አንድ ትንሽ ልጅ መጥቶ በአንድ ጊዜ ከፈተው። በጕልበቱ ተደንቀው እጁን ሲያዩ ደም ይንጠባጠብ ነበር፤ ቁልፉ ጣቱን እስከ አጥንት ድረስ ቈርጦታል፥ ልጁ ግን አላወቀም።

ምክንያቱ ተገለጠ። ጣትን የሚያጠፋው የሥጋው መበስበስ አይደለም፤ ሕመም ስለማይሰማ ሰው ሳያውቅ ራሱን ስለሚጐዳ ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ቁስል ምክንያት መከታተል ጀመሩ። አንዱ የጋለ ነገር ያለ ጨርቅ ይይዛል፤ ሌላው የዶማውን ሻካራ እጀታ እጁ እስኪላጥ ድረስ ይጨብጣል። በሌሊት ጣታቸው የጐደለባቸው ሰዎች ጉዳይ ግን ሁሉን አስጨነቀ። በመጨረሻ አንድ ሰው በሌሊት ነቅቶ ሲጠብቅ፥ አይጦች መጥተው የተኙትን ሰዎች ጣት እንደሚበሉ ታወቀ። ሕመም ስለማይሰማቸው አይነቁም ነበር። ስለዚህ ወደ ቤታቸው ለሚመለሱት ድመት ይሰጡአቸው ጀመር። ለእግራቸውም ለስላሳ ጎማ ያለው ጫማ ተሠራላቸው።

ይህ ነገር በቤታችን ቢታሰብ ግልጥ ነው። እናት ጀበናውን ከፍም ላይ ስታነሣ እጇን ቢፈጃት ወዲያው ጨርቅ ትፈልጋለች። ገበሬ በመንገድ እሾህ ቢወጋው ቁጭ ብሎ በወረንጦ ሳይነቅል አይራመድም። የሚፈጀው የማይሰማት እናት ግን እጇ እስኪበስል ድረስ ጀበናውን ትይዛለች፤ እሾሁ የማይሰማውም ገበሬ እግሩ እስኪመግል ድረስ በላዩ ይሄዳል።

4. ሕመም ጠባቂ ነው

ዶክተር ብራንድ ይህን በራሳቸውም ቀመሱት። ከአሜሪካ ወደ ሕንድ ሲመለሱ በሎንዶን አንድ ሌሊት አድረው ነበር። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው እንደማይሰማ ተረዱ። መርፌ ወስደው ቢወጉት ምንም አላመማቸውም። የሥጋ ደዌ እንደ ያዛቸው አሰቡ፤ ስለ ሚስታቸው፥ ስለ ልጆቻቸው፥ ስለ ሥራቸው እየተጨነቁ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አነጉት። ጧት ያንኑ ስፍራ እንደ ገና ወጉት፤ ሕመሙም እንዲጮኹ አደረጋቸው። ማታ ያልሰማው በረጅም ጕዞ አንድ ነርቭ ስለ ተጫነ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸውን የሚያማቸው ነገር በተሰማቸው ጊዜ እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር።

ማንም ሰው ሕመምን አይወድም። በመከራ ያለውን ሰውም ሕመም ጥሩ ነው ብለን ልናቃልልበት አይገባንም፤ ሐኪሙም ዘመናቸውን የፈጸሙት ሥቃይን በማስታገሥ ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ሕመምን በአካላችን ውስጥ እንደ ዘበኛ አቁሞታል። ዘበኛው ዝም ባለበት ቤት ሌባ እንደሚገባ፥ የማያመው ብልትም ሳይታወቅ ያልቃል።

5. የተፈወሰ እጅ ሥራ ይፈልጋል

መጀመሪያ ከተፈወሱት መካከል አንድ ወጣት ከጊዜ በኋላ ከስቶና ተርቦ ተመለሰ። የተጠገኑት እጆቹ ለልመና እንደማይሆኑ ለዶክተሩ ነገራቸው። ቀድሞ እጁን ያዩ ሰዎች ያዝኑለትና ይመጸውቱት ነበር፤ አሁን ግን እጁ ስለ ዳነ አይመጸውቱትም፥ በሽታው እንደ ነበረበትም ስለሚያውቁ ሥራም ቤትም አይሰጡትም። ዶክተር ብራንድ እጅን ጠግኖ ሰውየውን በመንገድ መተው ሙሉ ፈውስ እንዳልሆነ ተረዱ።

ስለዚህ በኮሌጁ ግቢ የአዲስ ሕይወት ማእከል የሚባል መንደር ተመሠረተ። በዚያም የተፈወሱት የእንጨት ሥራ ይማሩ፥ መጫወቻዎችንም እየሠሩ ይሸጡ ነበር። አስተማሪያቸው ማን ነበር? ያ በወጣትነቱ አምስት ዓመት በአናጢነት ያሳለፈው ሐኪም ነው። መሣሪያው እጃቸውን እንዳይጐዳ እጀታውን እንዴት እንደሚለውጡት፥ በየማታው እጅና እግራቸውን እንዴት በዐይናቸው እንደሚመረምሩ አስተማሩአቸው። መሰማት የተሳነው እጅ በዐይን ይጠበቅ ዘንድ ነው።

ባለቤታቸው ዶክተር ማርጋሬትም የዐይን ሐኪም ሆና አገለገለች። በበሽታው ምክንያት ሽፋሽፍቱ የማይከደን ዐይን እየደረቀ ይታወራል። ስለዚህ ለማኘክ ከሚያገለግለው ጡንቻ ከፍለው ወደ ሽፋሽፍቱ በሚያደርሱት ቀዶ ጥገና፥ ታካሚው ባኘከ ቍጥር ዐይኑ ይከደን ነበር።

ዶክተር ብራንድ በ1966 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደው በሉዊዚያና ክፍል በካርቪል በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ የተማሩት ነገር በስኳር በሽታ እግራቸው ለደነዘዘባቸው ሰዎችም ጠቀመ። በ2003 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

6. በአገራችን

ይህ ትምህርት ከሩቅ አገር የመጣ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ስፍራ፥ አለርት የተባለው ማእከል ተመሠረተ፤ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶችም እጅና እግርን የመጠገንና የመጠበቅን ጥበብ በዚያ ተምረዋል። በአጠገቡም በ1970 ዓ.ም. በዶክተር ሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ተከፈተ።

ዛሬ የሥጋ ደዌ ፈጽሞ ይድናል። ከ1981 ዓ.ም. በኋላ ብዙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ በመስጠት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈወሳል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቈይ በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ከሰዎችም የሚበዙት በሽታውን የሚቋቋም ኀይል በተፈጥሮ አላቸው። ሆኖም ዛሬም በዓለም በየዓመቱ ከ150,000 የሚበልጡ አዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ፥ በአገራችንም በሽታው አልጠፋም። በቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው ሳይፈራና ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ከበሽታው ይድናል፥ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስለትም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስም አንድ ነገር እናስረዳ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 ለምጽ የሚለው ቃል በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ ለሚታየውም ነገር ተነግሯል። ስለዚህ ያን ሕግ በቀጥታ በሥጋ ደዌ ታማሚ ላይ ማዋል አይገባም። በሽታው ከአያት የወረደ መርገም ነው ማለትም ሐሰት ነው። ተሐዋሲ የሚያመጣው፥ መድኃኒት የሚያድነው በሽታ ነው።

7. ለማኅበራችን የሚሆን ቃል

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ወደ ሐዋርያው ቃል እንመለስ። በማኅበራችን መካከል ከዚህ በሽታ የዳኑ፥ ነገር ግን ምልክቱ በእጃቸው ላይ የቀረ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። በቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡት የት ነው? በሰላምታ ጊዜ እጃቸውን የሚጨብጥ ማን ነው? በቡና ላይ ስኒያቸው ለብቻ ይቀመጣልን? ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቀ ጐረምሳ በዘመዶቹ ይከለከላልን? ወደ ጌታ እራት ሲቀርቡስ ከእነርሱ በኋላ ጽዋውን ለመቀበል የሚያመነታ አለን? ጌታ ሥጋውንና ደሙን ለእነርሱና ለእኛ ባንድነት ሰጥቶ ሳለ፥ እርሱ ያላገለለውን እኛ ብናገልል በማዕዱ ፊት ምን እንመልሳለን?

ሐኪሙ በሕንድ ያዩት ለእኛ ምሳሌ ነው። የታመመው ብልት ለብዙ ጊዜ ሞተ ተብሎ ነበር፤ በውስጡ ግን ኀይል ነበረ። የአካሉ ጥፋት የመጣው ሕመሙን ከአለመስማት ነው። እንዲሁም የአንድ ማኅበር መጥፋት የሚጀምረው ድሀውና የተናቀው በመካከሉ ሲቈስል ሌላው ሳይሰማው ዝማሬውን በቀጠለ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ከውጭ ሲያዩት ጤናማ ይመስላል፤ የማይሰማ እጅም ቍስሉ እስኪታይ ድረስ ጤናማ ይመስላልና።

ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም አምስተኛውን ትእዛዝ ሲተረጕም፥ ባልንጀራን አለመግደል ብቻ እንደማይበቃ፥ በሥጋው ችግር ሁሉ ልንረዳው እንደሚገባ ያስተምራል። ሁላችን የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን አልተጠራንም። እጅን መጨበጥ ግን ሁላችን እንችላለን። የዳነውን ሰው በሱቃችን፥ በእርሻችን፥ በቤታችን ማሠራትም እንችላለን። ይህንም የምናደርገው ጽድቅን ለማግኘት አይደለም፤ ርኩሳን ሳለን ክርስቶስ አስቀድሞ ስለ ዳሰሰን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ሲችል ታማሚውን ስለ ምን ዳሰሰው?
2. ሕመም ባይኖር የሰው አካል ምን ይደርስበታል? ይህስ ለቤተ ክርስቲያን ምን ያስተምራል?
3. በአጥቢያችን በሕመም ወይም በድህነት ምክንያት የተገለሉ እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት ማን ይጐበኛቸዋል?
4. ዶክተር ብራንድ ያባከኑት የመሰለውን ዘመን እግዚአብሔር ለምን ተጠቀመበት? እኛስ የትኛውን ሙያችንን ለአገልግሎት ልናቀርብ እንችላለን?

ጸሎት

ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፥ ሰው ሁሉ የሸሸውን አንተ በእጅህ ዳስሰሃል። የደነዘዘውን ልባችንን አንቃ፤ የወንድማችን ቍስል እንዲያመን አድርገን። ለሐኪሞችና ለነርሶች ጥበብንና ትዕግሥትን ስጥ፤ ለታመሙት ተስፋን፥ ለዳኑት በመካከላችን ስፍራን ስጥ። አንተ የአካሉ ራስ ነህና። አሜን።